ፍላጎት ወይስ ደመወዝ? በወሎ ሥራ የሚመርጥ ሰው ስሌቱን ከየት ይጀምር

ደሴ፣ ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አንድ ወጣት ትምህርቱን ሲጨርስ ከቤተሰቡ የሚሰማው ጥያቄ አጭር ነው፦ «የመንግሥት ሥራ አገኘህ?» የወጣቱ ልብ ግን ካሜራ ላይ፣ ማሲንቆ ላይ፣ ስፌት ላይ፣ ኮምፒውተር ላይ ወይም ንብ ማነብ ላይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ወገን «መጀመሪያ እንጀራ» ይላል። ሌላው «በማይወዱት ሥራ ሠላሳ ዓመት መኖር ዕድሜን ማባከን ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሆኖም ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ያለ ቁጥር ነው፤ ያለ ቁጥር ሲካሄድ ደግሞ የሚያሸንፈው ጩኸት ወይም ይሉኝታ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ነው፦ መረጋጋት የሚለካው በቅጥር ደብዳቤ ሳይሆን ገቢ ቢቋረጥ ቤተሰቡ ስንት ወር መቆየት እንደሚችል በመቁጠር ነው። የሚወዱትን ሥራ የመሥራት ነፃነትም የሚገኘው ከዚያው ቁጥር ነው።

ቋሚ የተባለው ምን ያህል ቋሚ ነበር?

ያለፉት ጥቂት ዓመታት በወሎ «አስተማማኝ» የተባለውንም «አደገኛ» የተባለውንም ሥራ እኩል ፈትነዋል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ፋብሪካ ማስገባቱን እንደ ትልቅ ዋስትና ቆጥሮት ነበር። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ንብረት ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ልብስ ሰፍተው ወደ አሜሪካ የሚልኩት ድርጅቶች ገበያቸው ተነካ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአገሪቱ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን የለም፤ ስለዚህ የፋብሪካ ደመወዝ በየወሩ ሳይቋረጥ ቢመጣም እንኳ ወር የማያደርስ ሊሆን ይችላል።

የፍላጎት ሥራ የሚባለውም ከዚህ አላመለጠም። ላሊበላ ላይ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እያስጎበኙ የሚኖሩ ሰዎች ሥራቸውን የሚወዱ፣ ቋንቋ የተማሩ፣ ታሪኩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ደረሰ፤ የውጭ ጎብኚ ለዓመታት ጠፋ። ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ የሚሠራው ወጣትም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሥራው ቆመ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁሉም ነገር ከንቱ ነው የሚል አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የተሻለ የቆመው ሰው የትኛውን ሥራ እንደመረጠ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ሁለት ዓይነት የገቢ ምንጭ የነበረው፣ ወደ ሌላ ከተማ ይዞት የሚሄደው ሙያ የነበረው፣ ዕዳ ያልነበረበት ሰው በየትኛውም የሥራ ዓይነት ውስጥ የተሻለ ቆሟል።

ደመወዙ እጅ ሲገባ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ግን እጅ የሚገባው ገንዘብ አይደለም። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። በ11,500 ብር ላይ ግብሩ 300 ሲደመር 600 ሲደመር 750 ሲደመር 450፣ በድምሩ 2,100 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ 805 ብር ነው። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው።

ይህን የምንዘረዝረው ከሌላ ገቢ ጋር ስናነጻጽር ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። «በካሜራ ሥራ በወር 12,000 አገኛለሁ፤ ከደመወዝ ይበልጣል» የሚል ሰው የባትሪ፣ የትራንስፖርት፣ የሕትመት፣ የረዳት ክፍያና የግብር ወጪውን ሳይቀንስ ያልተጣራውን ከተጣራው ጋር እያወዳደረ ነው። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አሠሪው በሠራተኛው ስም 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል፤ በ11,500 ላይ 1,265 ብር። በግሉ የሚሠራ ሰው ይህን ራሱ ማስቀመጥ አለበት።

ቀጥሎ የወር ወለል ይሰላል፤ ማለትም ቤቱ ሳይቸገር የሚያድርበት ዝቅተኛ ወጪ። የቤት ኪራይ፣ እህልና ዘይት፣ ከሰል ወይም መብራት፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ የሕክምና መጠባበቂያ። በወሎ ደግሞ መዘለል የሌለባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ መዋጮ ነው። ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቋረጠው ይህ እንዳይሆን፤ በሐዘን ቀን ድንኳኑንና ሰውን የሚያመጣው እሱ ነው። ሁለተኛው ለወላጅና ለታናናሾች የሚላከው ነው። ብዙ ወጣት ይህን «ከተረፈ እልካለሁ» ብሎ ከሒሳቡ ውጭ ያደርገዋል። በተግባር ግን እናት ስትደውል ገንዘቡ ከየትም ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ማስኬጃ ከተቀመጠው። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ የወጣውን ሁሉ ይጻፉ፤ በዓል ያለበት አንድ ወር ይካተትበት፤ አማካዩን ይውሰዱ። ወለልዎ እሱ ነው።

ስንት ወር መቆየት ይቻላል?

ወለሉ 7,000 ብር ነው እንበል። ወርኃዊ ደመወዝ ላለው ሰው የሦስት ወር መጠባበቂያ፣ 21,000 ብር፣ መነሻ ይሆነዋል። ገቢው የሚዋዥቅ ሥራ ለሚጀምር ሰው ግን ስድስት ወር፣ 42,000 ብር ያስፈልገዋል። ከ8,595 ብር ላይ ወለሉ ሲነሣ የሚተርፈው 1,595 ነው። በዚህ ፍጥነት 42,000 ብር ለመድረስ 27 ወር ይወስዳል። ከሥራ ሰዓት ውጭ በሚወዱት ሥራ 1,500 ብር ተጨማሪ ቢገኝ ጊዜው ወደ 14 ወር ይወርዳል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል፤ እኛ ግን እንደ መልካም ዜና እናየዋለን። ደመወዙ በማይወዱት ሥራ የሚያልፍ ባዶ ጊዜ መሆኑ ይቀርና ከ14 እስከ 27 ወር የሚፈጅ፣ መጨረሻው የታወቀ የዝግጅት ዘመን ይሆናል። መጨረሻው የታወቀ ነገር ደግሞ ይቻላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብር ዋጋው ምን ያህል በፍጥነት ሊወርድ እንደሚችል ሁሉም አይቷል። ስድስቱንም ወር በጥሬ ገንዘብ ብቻ ማስቀመጥ ይጎዳል። የሁለት ወሩን በባንክ፣ ቀሪውን በከፊል አስቀድሞ በተከፈለ ኪራይ፣ በተገዛ እህልና ዋጋው እየጨመረ በሚሄድ የሥራ መሣሪያ መያዝ ይሻላል። እቁብ ለመቆጠብ ጥሩ ነው፤ መጠባበቂያ ግን አይሆንም። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅና ከደረሰዎት በኋላም መክፈል ስለሚቀጥሉ፣ ደመወዝ ሲቆም እቁቡ ወደ ዕዳ ይቀየራል።

የሠርግ ሥራና የሁለት ጾም ቀን መቁጠሪያ

በደሴና በአካባቢው ወጣቶች በብዛት ከሚመኟቸው ሥራዎች አንዱ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ነው፤ ከእሱ ጋር ሙዚቃ፣ ዲኮርና ስፌት ይሄዳሉ። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች በሚያያዙበት ምድር ዘፋኝና ማሲንቆ ተጫዋች መሆን የሚያስመኝ ነው። የእነዚህ ሁሉ ሙያዎች ገቢ ግን የሚከተለው የሠርግ ቀን መቁጠሪያን ነው፤ በወሎ ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ሁለት ነው።

የክርስቲያኑ ሠርግ በጥር ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ከኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምና የነሐሴ ፍልሰታም ባዶ ናቸው። የሙስሊሙ ሠርግ በረመዳን ይቆማል፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ ረመዳን ከሁለት ቀን በኋላ ገባ። ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ በሁለቱም በኩል ሠርግ የለም ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ያልቆጠረ ሰው በጥር ያገኘውን ሌንስ ገዝቶበት በየካቲት ኪራይ አጥቷል።

በ2019 ሁኔታው ይለያል። ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ገብቶ በወሩ ማለቂያ ይወጣል፤ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው። ሁለቱ ተከታትለው ይሄዳሉ እንጂ አይደራረቡም ማለት ይቻላል። የክርስቲያን ደንበኛ ብቻ ያለው ባለ ካሜራ 55 ቀን ይቀመጣል፤ የሙስሊም ደንበኛ ብቻ ያለው አንድ ወር ያህል ይቀመጣል። ለሁለቱም የሚሠራ ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ወር አይገጥመውም። ኒካሁንም፣ መልሱንም፣ ቅልቅሉንም ሥርዓታቸውን አውቆ የሚያነሣ፣ በሁለቱም ማኅበረሰብ የታመነ ባለሙያ መሆን በወሎ መልካም ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የገቢ ዋስትና ነው።

እንዲህ ላለው ሥራ የሚስማማው ስሌት በጥሩ ወር አይጀምርም። የአሥራ ሁለት ወሩን ገቢ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ዝቅተኛዎቹን ሦስት ወሮች አማካይ ያውጡ፤ ያ አማካይ የወለሉን ግማሽ እንኳ ካልሸፈነ ደመወዝ ለመልቀቅ ጊዜው አልደረሰም። ከዚህ ሌላ የሚያስቸግረው ክፍያ ነው። ሠርግ ካለፈ በኋላ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለብዙ ወር ይጓተታል፤ ስለዚህ ሲስማሙ ግማሽ ቀብድ፣ በዕለቱ ጠዋት አብዛኛው፣ አልበም ሲረከቡ ጥቂት ቀሪ ተብሎ በጽሑፍ ይቀመጥ። የሠርጉን ምስል በሁለት ካርድ መያዝና በዚያው ሌሊት ወደ ሁለት ዲስክ መገልበጥ የሙያው ግዴታ ነው፤ የጠፋ ሠርግ አይደገምም።

ውጤቱን መውደድና ሥራውን መውደድ

ያማረ ፎቶ መውደድና አንድ ቀን ቆሞ አንሥቶ ከዚያ ለሦስትና ለአራት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ መቀመጥን መውደድ ሁለት ነገሮች ናቸው። አስጎብኚነትም እንዲሁ ነው፤ ታሪክ መተረኩ የቀኑ ትንሽ ክፍል ሲሆን ቀሪው መጠበቅ፣ መደወል፣ መኪናና ማረፊያ ማመቻቸት፣ የተቆጣ እንግዳ ማረጋጋት ነው። ስለዚህ ፍላጎትን መፈተሽ የሚገባው አሰልቺው ክፍል ላይ ነው። አሰልቺውን ክፍል ለስድስት ወር ማንም ሳያስገድዳቸው የሠሩት ነገር ካለ፣ እሱ እውነተኛ ዝንባሌ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ገበያ ነው። የአጎት ልጅና የሥራ ባልደረባ የገዛው ማስረጃ አይሆንም። የማያውቁዎት አሥር ሰዎች ሙሉ ዋጋ ከፍለው፣ ከእነሱ ሁለት ሦስቱ ተመልሰው ወይም ሌላ ሰው ልከው ከሆነ ያ ማስረጃ ነው። የወሎ ሰው ለዘመድ ዋጋ መጥራት ያፍራል፤ ይህ ደግ ባህል ብዙ ጀማሪዎችን ከሥራ አስወጥቷል። መፍትሔው ዋጋውን ለሁሉም አንድ አድርጎ ጽፎ መስቀልና ለቅርብ ዘመድ ስጦታውን በግልጽ ስጦታ ብሎ መስጠት ነው፤ በዓመት ስንት ስጦታ እንደሚሰጥም አስቀድሞ መወሰን።

ንብ፦ ሁለቱን አጣምሮ የሚያስኬድ ምሳሌ

ሁሉም ፍላጎት ከደመወዝ ጋር አይጣላም። በላስታ፣ በመቄትና በአምባሰል ተራሮች ላይ ለሚኖር መምህር ወይም ጤና ባለሙያ ንብ ማነብ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ዕለት ዕለት የሚጠይቀው ጊዜ ትንሽ ስለሆነ።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ያህል ማር ይሰጣል። ጀማሪ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀፎ ይጀምር፤ አንድ ብቻ ከሆነ ንቦቹ ሲኮበልሉ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ አሥር ከሆነ ደግሞ ስህተቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ማር ላይገኝ ይችላል፤ መንጋው ሰፈፍ ሲሠራና ሲራባ ያሳልፈዋል። ዋናው ምርት የመስከረምን አበባ ተከትሎ በጥቅምትና ኅዳር ይቆረጣል። የሰፈፉ ሦስት አራተኛ በሰም ሳይታተም የተቆረጠ ማር ውኃው ይበዛና ይቦካል፤ በዚህ ችኮላ ብዙ ምርት ይበላሻል። ሁሉንም ጠርጎ መቁረጥም ሌላው ጥፋት ነው፤ በበጋ የሚበሉት ያጡ ንቦች ጥለው ይሄዳሉ። የቀፎውን እግር አመድ ወይም የተቃጠለ ዘይት ባለበት ዕቃ ውስጥ ማቆም ጉንዳን ይከለክላል። በአጎራባች ማሳ ፀረ ተባይ የሚረጭበትን ቀን ከገበሬው ጋር ተነጋግሮ ማወቅና የቀፎውን አፍ በዚያን ቀን መዝጋት መንጋውን ያተርፋል።

አሥር ዘመናዊ ቀፎ በ15 ኪሎ ሒሳብ 150 ኪሎ ይሰጣል። ለስሌት ያህል ኪሎው በ500 ብር ቢሸጥ 75,000 ብር ይሆናል፤ ሲሶው ለወጪ ቢነሣ 50,000 ይተርፋል፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 4,167 ብር ነው። ከላይ ያሰላነውን 8,595 ብር ለመተካት 21 ቀፎ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም አንድም መንጋ ሳይኮበልል። ስለዚህ አሥር ቀፎ ያለው መምህር ማስተማሩን መተው የለበትም፤ ደመወዙን በግማሽ ያህል የሚያሳድግ የሚወደው ሥራ ግን ይዟል። ይህ ውድቀት ወይም ግማሽ ሕልም አይደለም። ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

ሥራ መልቀቅ ሲመጣ

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው። ተናድዶ በማግስቱ መቅረት ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። በ9,000 ብር ደመወዝ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው 24,000 ብር ይደርሰዋል። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ የለቀቀ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል፤ ሁለት ወር መታገሥ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከዚህ ይታያል። የጡረታ ዕድሜ ላይ ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ የአሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በገዛ ፈቃድ ለሚለቁ ያለው ድንጋጌ ስለሚለይ ዘጠነኛው ዓመት ላይ ያለ ሰው ደብዳቤ ከማስገባቱ በፊት የአገልግሎት ዘመኑን በጽሑፍ አስወጥቶ የጡረታ ቢሮ ይጠይቅ።

በጣም የሚያሳስበን ዕዳ ነው። ደንበኛ ሳይኖር መሣሪያ በብድር መግዛት የብዙዎችን ሥራ ገና በጅምር ዘግቷል፤ መሣሪያ ተከራይተው አሥር ሥራ ከሠሩ በኋላ ቢገዙ ምን እንደሚያስፈልግዎ ያውቃሉ። ከዚህ የከፋው በከሚሴ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በቆቦ አካባቢ ያሉ ወላጆች የሚያውቁት ነው፤ «እዚህ ምንም የለም» ተብሎ ከዘመድ ተበድሮ ለደላላ ከፍሎ ወደ ሳዑዲ የሚደረገው ጉዞ። ለሕይወት ያለው አደጋ ሳይቆጠር እንኳ፣ በመንገድ የተያዘ ልጅ ቤተሰቡን ከዜሮ በታች ይጥለዋል። በ2017 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ማለፊያ ያገኙት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት ልጆች ምርጫው ዩኒቨርሲቲ ወይም ስደት ብቻ ተደርጎ መነገሩ ያሳዝናል፤ ያው ገንዘብ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚሰጥን የኤሌክትሪክ፣ የብየዳ ወይም የስፌት ሥልጠና ከመሣሪያው ጋር ሊሸፍን የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁሉም ሰው ግን ይጠብቅ አንልም። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ከወላጅ ቤት የሚያድር፣ የሚጠብቀው ታናሽ የሌለው፣ ሙያውም እንደ ስፖርት ወይም ሙዚቃ በዕድሜ የሚወሰን ከሆነ የስድስት ወር መጠባበቂያ እስኪሞላ መቆየት ዕድሉን ሊያስመልጠው ይችላል። እሱ አሁኑኑ ይጀምር፤ በጊዜ ገደብ ግን። የታመመ ወላጅ የሚያስታምም፣ ልጅ ያለው ወይም ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ደመወዙን መምረጡ ፍርሃት አይደለም።

ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ንግግርም በጊዜ ገደብ ቢሆን ይቀላል። አባትን «እለቃለሁ» ብሎ ከማስደንገጥ፣ የሚያከብሩትን አጎት ወይም ሽማግሌ ይዞ ወረቀቱን ማሳየት ይሻላል፤ ወለሉ ይህን ያህል ነው፣ የተቀመጠው ይህን ያህል ወር ያቆያል፣ ለእናንተ የምልከው አይቋረጥም፣ 18 ወር ስጡኝ። መመለሻው መስመርም እዚያው ይጻፍ፦ መጠባበቂያው ከሁለት ወር በታች ሲወርድ ወይም በአሥራ ስምንተኛው ወር የዝቅተኛ ሦስት ወሮች አማካይ የወለሉን ግማሽ ካልደረሰ ሥራ ፍለጋ ይጀመራል። ዲግሪው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውና የመልቀቂያው ወረቀት በአንድ ፋይል ይቀመጡ። ተመልሶ ለሚቀጠር ሰው ቀድሞ ያገለገለው ዘመን በጡረታ ሒሳብ ስለሚደመርለት፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩም አብሮ ይያዝ።